ጨው የሚቀነሰው በርበሬው ከመፈጨቱ በፊት ነው

አጎቴ በልብ ድካም ተኝተው ከሆስፒታል ሲወጡ የተነገራቸው ሦስት ነገር ነው፦ ጨው ይቀንሱ፣ መድኃኒትዎን አያቋርጡ፣ ቀጠሮዎን ያክብሩ። ሦስት ወር ሳይሞላ እግራቸው አብጦ፣ ሌሊት መተኛት አቅቷቸው ትራስ ተደግፈው እያደሩ ተመለሱ። «ምክር አይሰሙም» ተባሉ። እኔ ግን ምክሩ እሳቸው እስከሚኖሩባት ጎጃም ቢቸና ድረስ አልመጣም ባይ ነኝ።

ጨው ይቀንሱ ለተባሉት አጎቴ፣ የወጥ ማማሰያ በዕድሜያቸው ጨብጠው አያውቁም። ወጥ የሚሠሩት አክስቴ ናቸው፤ ምክሩ ሲሰጥ ስንቅ ታቅፈው ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ነበር። ቢሰሙስ? በጎጃም ቤት ጨው ድስት ላይ ብቻ አይጨመርም። በርበሬው ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ሲሰናዳ አብሮ ይገባል፤ የዓመት በርበሬ ደግሞ አንዴ ከተፈጨ ተፈጨ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። ይህን ልክ መጠበቅ የሚቻለው ለታማሚው ጨው የሌለበት በርበሬ ለብቻው ከተዘጋጀ ነው።

ክኒኖቹም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። የሚያሸናውን ላሲክስ አጎቴ በቀጠሮ ቀን አይውጡትም ነበር፤ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው መኪና ለሽንት አይቆምምና። ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ማዛወር እንደሚቻል የነገራቸው አልነበረም። ለልባቸው የታዘዘላቸው ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ እንደሚችልም አልሰሙም። ሳሉ ሲጀምራቸው መድኃኒቱ ሳንባቸውን የጎዳ መሰላቸውና በራሳቸው ፈቃድ ተዉት፤ ተናግረው ቢሆን ኖሮ የሚተካው አለ። ለጉልበታቸው ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ዲክሎፌናክ የተባለ ማስታገሻ ውኃ በሰውነት እንዲጠራቀም እንደሚያደርግ የገባን ዘግይቶ ነው።

ክብደት ነገሩን ሁሉ ቀድሞ ይናገራል። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ውኃ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል፣ እብጠትና ትንፋሽ ማጠር ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። በየጠዋቱ መመዘን ይመከራል። የሰው ሚዛን በየቤቱ የለም፤ ግን ከቤታችን ሁለት አጥር አልፎ ወፍጮ ቤት አለ፣ እህል የሚመዝን ሚዛን ያለው። ይህን ለማሰብ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ሰውየው የት እንደሚኖር መጠየቅ ይበቃል።

ምክሩን የሰጠችውን ነርስ አልወቅስም፤ በሩ ላይ የተሰለፈውን ሰው አይቻለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት ሲዞሩ ኖረዋል። ከሆስፒታል የወጣን የልብ ታማሚ ስም ተቀብለው ማዕድ ቤት ገብተው ቢያስተምሩ፣ ሚስትንም ምራትንም አብረው ቢያስቀምጡ ምን ይከብዳል? እርግጥ ነው፣ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ጠፍቶ ከውጭ በውድ ሲገዛ የትኛውም ትምህርት ክኒን አይሆንም።

ዘንድሮ አክስቴ በርበሬውን ወደ ወፍጮ ከመላካቸው በፊት ጥቂት ቀንሰው ያለ ጨው ለብቻው አሰናዱ። አጎቴ «አልጫ አስመሰላችሁት» እያሉ ያማርራሉ፤ ይበሉታል ግን።