እርማት፦ ፈታኙ ሞተር አያጠፋም

ወንድሜ፣ ጣና ዳር ቡና ላይ የሰማነውን ወሬ እዚህም ደገምከው፦ «የበረራ ፈታኝ እንደ ስሜቱ ነው፤ አየር ላይ ሞተር አጥፍቶ ይጥልሃል።» ልክ አይደለም።

የጠቀስከው የአሜሪካ የአብራሪነት ፈቃድ ፈተና ስለሆነ በእነሱ ደንብ እንሂድ። ፈታኙ የሚመጣው የተጻፈ ዕቅድ ይዞ ነው። የሚፈትነውም በታተመ መመዘኛ ነው፤ ያንን ሰነድ ተፈታኙም አስቀድሞ ያነበዋል። መጀመሪያ መሬት ላይ የቃል ጥያቄ አለ። ነገሩን ወደ እኛ ብናመጣው፦ «ከባሕር ዳር ጎንደር ልትበር ነው፤ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ፣ ቀትር፣ ሙቀት። አየሩ ሲሳሳ ለመነሳት ስንት ሜትር መንደርደሪያ ትፈልጋለህ?» ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመስለኛል።

ሞተሩስ? ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ላይ ፈታኙ ጋዙን እስከ ታች ይቀንሳል፤ ሞተሩ ግን እየሠራ ነው። ማን መሪውን እንደሚይዝም ከመነሳታቸው በፊት ይነጋገራሉ፤ አየር ላይ መሪው ሲለዋወጥ ተረካቢው «ያዝኩ»፣ አስረካቢው «ያዝክ»፣ ተረካቢው እንደገና «ያዝኩ» ይላል። መቼ ጋዙን እንደሚቀንስ ግን አይነግርህም፤ እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አለህ። የበረራው አዛዥም በአብዛኛው ተፈታኙ ራሱ ነው፤ ፈታኙ ተመልካች ነው።

ሌላው የረሳኸው፦ ውጤቱ ማለፍና መውደቅ ብቻ አይደለም። እንደ ሐምሌው የጣና ደመና ሰማዩ ድንገት ቢዘጋ ፈተናው ይቋረጣል። በ60 ቀን ውስጥ ከተመለስክ ያለፍከው ክፍል ይያዝልሃል፤ የቀረውን ብቻ ትፈተናለህ።