ቶልፐድል፦ ዘግይቶ የቆመ መታሰቢያ

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት አውራጃ፣ ፒድል በተባለ ትንሽ ወንዝ ዳር ቶልፐድል የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ቢበዙ ጥቂት መቶ ናቸው። የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች፣ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ያረጀ ዛፍ አሏት፤ የእንግሊዝን ገጠር በፖስት ካርድ ለሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር አታሳይም። ስሟን ያስጠራው መልኳ ሳይሆን በ1834 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስድስት የእርሻ ሠራተኞቿ የሠራተኛ ማኅበር በማቋቋማቸው ወደ አውስትራሊያ መጋዛቸው ነው። ዛሬ «የቶልፐድል ሰማዕታት» ይባላሉ፤ መታሰቢያቸውም በመንደሯ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። እኔ ግን ጎብኚ በመታሰቢያዎቹ ላይ ከተቀረጸው ምስጋና ይልቅ የቆሙበትን ዓመት ቢያስተውል እመርጣለሁ። የመጀመሪያው የቆመው በ1912፣ አብዛኞቹ ደግሞ በ1934 ነው። በድርጊቱና በመታሰቢያው መካከል ያለው ዝምታ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው፤ በበዓሉ ቀን ግን ብዙም አይነሣም።

የመንደሯ ስም የተገኘው ከባለርስት ነው። በ11ኛው መቶ ዘመን ኦርክ የተባለ የንጉሥ ክኑት ባለሟል ሲሞት ሚስቱ ቶላ ርስቷን ለአቦትስበሪ ገዳም ሰጠች፤ «ቶልፐድል» ማለትም በፒድል ወንዝ ዳር ያለው የቶላ ርስት እንደ ማለት ነው። ከገዳም ወደ መኳንንት፣ ከመኳንንት ወደ ሌላ ባለርስት መሬቱ እጅ ሲለዋወጥ ኖሯል፤ የሚያርሰው ሰው እጅ ግን አልገባም። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ የቶልፐድል የእርሻ ሠራተኛ በሳምንት ያገኝ የነበረው 9 ሺሊንግ ወደ 8፣ ከዚያም ወደ 7 ወረደ፤ ቀጥሎ 6 እንደሚሆንም ተነገረው። ጆርጅ ላቭለስ የተባለ፣ እሁድ እሁድ ሜቶዲስት በተባሉት ፕሮቴስታንቶች ጸሎት ቤት የሚሰብክ ሠራተኛ በኋላ ራሱ እንደ ጻፈው፣ አሠሪዎቹ በደብሩ ቄስ ፊት ተገቢውን ደሞዝ ለመክፈል ቃል ገብተው ነበር፤ ቃሉ ሲፈርስ ቄሱም እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም አሉ። ደሞዝን ለመወሰን ሥልጣን ያላቸው ዳኞች ዘንድ ቢሄዱም የጠበቃቸው ከአሠሪዎቹ ጋር ተመካክረው የሚሠሩ የመሬት ጌቶች ችሎት ነበር።

ላቭለስና ጓደኞቹ በ1833 የእርሻ ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ። መረዳጃ ማለታቸው ለይስሙላ አልነበረም፤ አባላት እንደ እድር መዋጮ ያዋጣሉ፣ በዚያውም ከተወሰነ ደሞዝ በታች ላለመሥራት ይስማማሉ። የሚሰበሰቡት በቶማስ ስታንድፊልድ ቤት ነበር፤ ያ ቤት ዛሬም ቆሞ ይታያል። በደጅ ሲሆን ደግሞ ከመንደሩ መንገድ ዳር ባለው ዛፍ ሥር ይገናኙ እንደ ነበር ይነገራል። ዛፉን እንግሊዞች ሲካሞር ይሉታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ፦ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዘኬዎስ የወጣበት ዛፍ ስሙ ይኸው ስለሆነ የእኛ ሾላ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የቶልፐድሉ ዛፍ ሌላ ዘር ነው፣ ፍሬውም አይበላም። የብሪታንያ ብሔራዊ ቅርስ ጠባቂ ድርጅት ዛፉን ይንከባከበዋል፤ ባለሙያዎች የበቀለው በ1680ዎቹ እንደሆነ ገምተዋል። እንግዲህ በመንደሯ ካሉት ምልክቶች መካከል የ1834ቱን ነገር በእርግጥ ያየ ብሎ መናገር የሚቻለው ስለ ጥቂቶች ነው፤ ዛፉ አንዱ ነው።

በወቅቱ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ወንጀል አልነበረም። ማኅበራትን የሚከለክሉት ሕጎች በ1824 ተሽረዋል። የአካባቢው ባለርስትና ዳኛ ጄምስ ፍራምፕተን ግን በ1830 የደቡብ እንግሊዝ የእርሻ ሠራተኞች መውቂያ ማሽን ሲሰብሩና ክምር ሲያቃጥሉ ያየ ሰው ነበርና፣ አርሶ የሚያድር ሰው ተሰብስቦ መነጋገሩ ብቻ ያስፈራው ነበር። ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ሜልበርን ጻፈ፤ መላውም ተገኘ። አዲስ አባል ዓይኑ ተሸፍኖ ይገባል፣ ሲገለጥለት የአጽም ሥዕል ያያል፣ ምሥጢር እንዲጠብቅም ይምላል። በ1797 የባሕር ኃይል መርከበኞች ባመፁ ጊዜ የወጣ ሕገ ወጥ መሐላን የሚቀጣ ሕግ ስለነበረ በመርከበኛ ላይ የታሰበው ሕግ በአራሽ ላይ ዋለ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1834 ጆርጅና ጄምስ ላቭለስ፣ ቶማስና ጆን ስታንድፊልድ፣ ጄምስ ብራይን እና ጄምስ ሃመት ተይዘው በእግራቸው የአውራጃው ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ ዶርቼስተር ተወሰዱ። በማርች ወር እያንዳንዳቸው የሰባት ዓመት ግዞት ተፈረደባቸው። የተፈረደባቸው ችሎት ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ቶልፐድል ድረስ የሄደ ሰው ዶርቼስተርን ሳያይ ቢመለስ ታሪኩን ግማሽ አየሁ ይበል። በቤት የቀሩት ሚስቶችና ልጆች ከደብሩ የድሆች መደጎሚያ ለማግኘት ሲጠይቁ ፍራምፕተን እንቢ ማለቱም የዚሁ ፍርድ ተቀጥላ ነው።

ፍርዱ በሎንዶን ቁጣ አስነሣ። ኤፕሪል 21 ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ኮፐንሀገን ፊልድስ በተባለው ሜዳ ተሰብስበው አቤቱታቸውን ይዘው ወደ መንግሥት ቢሮ በሰልፍ ሄዱ፤ ሜልበርንም በዚያ ቀን አልቀበልም አለ። ግፊቱ ባለመቆሙ በማርች 1836 ሙሉ ምሕረት ተሰጠ። ብዙ ተራኪዎች ታሪኩን እዚህ ላይ በድል ይዘጉታል። ከዚህ በኋላ የሆነውን ግን እንመልከት። ላቭለስ የተመለሰው በ1837፣ አራቱ በ1838፣ ሃመት ደግሞ በ1839 ነው። ለአምስቱ ደጋፊዎቻቸው ባዋጡት ገንዘብ እርሻ የተከራዩላቸው በዶርሴት ሳይሆን ሩቅ በሆነው በኤሴክስ አውራጃ ነበር። እዚያም የአካባቢው ባለርስቶችና ቀሳውስት ደስ አልተሰኙባቸውም፤ በ1840ዎቹ አምስቱም ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ካናዳ ተሻገሩ፣ በኦንታሪዮም በምትገኘው ሎንዶን አካባቢ ኖሩ። በአገራቸው ያላገኙትን መሬት ያገኙት ውቅያኖስ ተሻግረው ነው። የዶርሴት የእርሻ ሠራተኛ ደሞዝም በእነርሱ መታሰር አልጨመረም፤ የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር በእንግሊዝ እንደገና ጉልበት ያገኘው በ1870ዎቹ ነው።

ወደ ቶልፐድል ተመልሶ የኖረው አንድ ሰው ጄምስ ሃመት ነው። ከስድስቱ ውስጥ ሜቶዲስት ያልነበረው እርሱ ብቻ ነበር። መሐላው በተፈጸመበት ሌሊት ቤቱ ውስጥ የነበረው ወንድሙ ጆን እንደሆነ፣ የጆን ሚስት ነፍሰ ጡር ስለነበረች ጄምስ በወንድሙ ፈንታ መታሰሩን ዝም ብሎ እንደ ተቀበለ ይነገራል። ከግዞት መልስ የግንባታ ሠራተኛ ሆኖ ኖረ፤ በ1875 የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር ጽሑፍ የተቀረጸበት ሰዓት ሸለመው። በእርጅናው ዓይኑ ሲጠፋ ለቤተሰቡ ሸክም ላለመሆን ዶርቼስተር ወደሚገኘው የድሆች መጠለያ ገባ፤ እዚያም በ1891 ሞተ። የድሆች መጠለያ ማለት በዚያ ዘመን ድሃ እንዳይደፍረው ታስቦ ኑሮው ሆን ተብሎ እንዲከፋ የተደረገ ቤት ነበር። አስከሬኑ መጥቶ በቶልፐድል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ። የድንጋይ ምልክት የቆመለት በ1934 ነው፤ ድንጋዩን የጠረበውም የታወቀው ቀራጺ ኤሪክ ጊል ነበር። ድንጋዩ «የነጻነት ተሟጋች» ይለዋል፤ ይህን ያህል ለመባል አርባ ሦስት ዓመት ከሞተ በኋላ መጠበቅ ነበረበት።

ለዚህ ነው «ሰማዕታት» የሚለው ስም ሁልጊዜ የሚከነክነኝ። ስድስቱ በስቅላት አልሞቱም፤ የተቀጡት በመለየት፣ ቀጥሎም አገር በማጣትና በመረሳት ነው። ስሙ ክብር እንደሚሰጣቸው አልክድም፤ ግን የበደሉን ዓይነት ይለውጠዋል። ዘግይቶ ማስታወስ ፈጽሞ ከመርሳት ይሻላል የሚለው መልስም እውነትነት አለው፤ ሆኖም ማን እንዳስታወሰ መጠየቅ ይገባል። በ1912 በሜቶዲስቶቹ ጸሎት ቤት ፊት የቆመውን ቅስት የመረቀው የሌበር ፓርቲው የፓርላማ አባል አርተር ሄንደርሰን ነው። በላዩም ላቭለስ በችሎት የተናገረው ቃል ተቀርጿል፤ የማንንም ስም፣ አካልም ሆነ ንብረት እንዳልጎዱ፣ የተባበሩትም ራሳቸውን፣ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ከውርደትና ከረሃብ ለማዳን እንደሆነ ይናገራል። ሌሎቹም መታሰቢያዎች በአብዛኛው የቆሙት ከመንደሩ ውጭ በመጡ ሰዎች ገንዘብ ነው። ሜቶዲስቶቹ በ1818 የሠሯት የቀድሞዋ ጸሎት ቤት ግን ለረጅም ዘመን የእርሻ መጋዘን ሆና ከቆየች በኋላ ነው በቅርብ ዓመታት ለእድሳት የበቃችው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ማኅበራቱ ባንዲራቸውን ይዘው በመንደሯ ይሰለፋሉ፤ ይዘምራሉ፣ በሃመት መቃብር ላይም የአበባ ጉንጉን ያኖራሉ።

ከሁሉ መታሰቢያ ግን አንዱን ምረጥ ብባል ዛፉንም ድንጋዩንም ትቼ የምመርጠው በ1934 የብሪታንያ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ በመንደሩ ዳር ያሠራቸውን ስድስት ቤቶች ነው። ጎብኚው ወደ መካከላቸው ሙዚየም ሲያልፍ እንደ ዋዛ ያያቸዋል። ቤቶቹ እያንዳንዳቸው በአንድ ተጋዥ ስም ተሰይመዋል፤ የተሠሩትም በጡረታ የሚወጡ የእርሻ ሠራተኞች እንዲኖሩባቸው ነው። ሃመት ዓይኑ ጠፍቶ ወደ ድሆች መጠለያ በሄደበት ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ቢኖር በመንደሩ ይሞት ነበር።