«ወድቆ ቴክኒክና ሙያ ገባ» አትበሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ብቻ አይደለም፤ ራሴንም ጨምሬ ነው።

ባለፈው ኅዳር ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንዲት እናት ስለ ልጇ ተጠየቀች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ውጤት አልመጣለትም፤ ቴክኒክና ሙያ ገባ» አለች። ሴቶቹ «አይዞሽ» አሏት። ልጁ የገባው ኤሌክትሪክ ሊማር ነው። አጠገቤ ያሉት ሰውዬ ከንፈራቸውን መጠጡ። ለሟቹ እንኳ እንደዚያ አልመጠጡም። እኔም ዝም አልኩ።

በዚያው ሳምንት የቤቴ ብሬከር ተቃጠለ። «ነገ እመጣለሁ» የሚለውን ኤሌክትሪሽያን ሦስት ቀን በሻማ ጠበቅኩት። ስልክ እየደወልኩ «የኔ ጌታ፣ የኔ ወንድም» ስል ሚስቴ ሳቀችብኝ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። እሺ፣ ከፍ ብሏል እንበል። የቀሩትስ? ለልጆቻችን አንድ በር ብቻ፣ የዩኒቨርሲቲን፣ አሳይተን እናሳድጋቸዋለን። እሱ ሲዘጋ ነው ሌላ በር መኖሩን የምንነግራቸው፤ ያውም እያለቀስን።

ይህ ንቀት ትናንት የመጣ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን መስደብ ሲበዛ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነገሩ። ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ነው፣ አንድ ዓመት ይታሰራል አሉ። ታዲያ ያ አዋጅ የተሳዳቢን አፍ ነበር የሚዘጋው። ለከንፈር መጠጣ የወጣ አዋጅ የለም።

እናንተዬ፣ ልጃችሁ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል እያለ የእጅ ሙያ ይሞክር! ክረምት ሁለት ወር ሙሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ የሚውለውን ልጅ ሁለት ሳምንት ጋራዥ፣ እንጨት ሥራ ወይም ብየዳ ቤት አውሉት። የብሎን መፍቻ ቁልፍ ቢያቀብል እንኳ 13 ቁጥሩን ከ14 ቁጥሩ መለየት ይማራል። ብሎን እምቢ ሲለው መካኒኩ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ ሲያስረዝመው ያያል። ያኔ ፊዚክስ መጽሐፉ ላይ ያለው ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ጉልበት፣ ይገባዋል። ሥራውን ላይወደው ይችላል። ይጥላው! በ16 ዓመቱ ቢያውቀው ይሻለዋል። ሴት ልጅ ያላችሁም «ስፌት ይበቃታል» እንዳትሉኝ።

አደራ፣ ለነፃ ጉልበት ግን አትስጡት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ያለ መከላከያ መነጽር ግራይንደር የሚያስይዝ ባለ ወርክሾፕ ካያችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

መምህራንም አላችሁበት። «አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ» የሚለው ስም በብዙ በሮች ላይ ተጽፏል። ታላላቆቻችንን ጠይቁ፤ በጃንሆይ ጊዜ «አጠቃላይ» ሲባል የእንጨት፣ የብረትና የቤት አያያዝ ትምህርትም አለ ማለት ነበር። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ወርክሾፕ ነበረው። የተሰበረ ዴስክ ይከመርበታል። ለአራት ዓመት በመስኮት አየነው፤ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።

የእኔ ልጅ አሥረኛ ክፍል ነው። ኤሌክትሪሽያኑ በአራተኛው ቀን ሲመጣ «ባትሪ ያዝለት» ብዬ አቆምኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል በጥያቄ አደረቀው። ሰውዬው ዕቃውን ሲሰበስብ «ክረምት ላይ ይምጣ» አለኝ። እናቱ ገና አልተስማማችም።