ማስተካከያ፦ ስለ አሽዋጋንዳና ስኪዞፍሬኒያ የጻፍኩት

ባለፈው ጽሑፌ «አሽዋጋንዳ (የመድኃኒት ተክል ነው) የስኪዞፍሬኒያን (የከባድ የአእምሮ ሕመምን) መድኃኒት ይተካል» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው፣ ተቻኩያለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት አሽዋጋንዳ ምንም መድኃኒት አልተካም። 68 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ሁሉም የወትሮ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ፣ ግማሾቹ በቀን 1000 ሚሊግራም ከአሽዋጋንዳ ተነጥሮ የወጣ ንጥር፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ክኒን ለ12 ሳምንት ተጨመረላቸው። አሽዋጋንዳ የወሰዱት በአጠቃላይ የምልክት መለኪያው የተሻለ ለውጥ አሳዩ። እንደ ስሜት መደንዘዝና ከሰው መራቅ ያሉ ምልክቶችም ቀለል አሉ።

«ድምፅ መስማት ይጠፋል» ያልኩትም (የሌለ ድምፅ መስማትን ማለቴ ነበር) ልክ አይደለም። የሌለ ድምፅ መስማትንና ከእውነታ የራቀ ጽኑ ሐሳብን በሚለካው የመለኪያው ክፍል ከማስመሰያው ጋር ጉልህ ልዩነት አልታየም። ዋናው ነጥብ ያመለጠኝ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ላይ ጥናቱ ትንሽ ነው። እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና ሆድ መረበሽም ነበረ።

ተክሉ እኛ ዘንድ ግዛዋ የሚባለው ነው። ግን የተፈተነው መጠኑ ተለክቶ የተዘጋጀ ንጥር እንጂ ጓሮ ተነቅሎ የተቀቀለ ሥር አይደለም። አሽዋጋንዳ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎችም ተመዝግበዋል። በጽሑፌ ምክንያት የወትሮ መድኃኒቱን ያቋረጠ ካለ ዛሬውኑ ሐኪሙን ያነጋግር።