ዱባይ ቤት ሲገዛ፦ ከቁልፉ በኋላ ያለው ሂሳብ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቦሌ አካባቢ አንድ ሆቴል ገባሁ። የዱባይ አፓርታማ የሚሸጡ ሰዎች አዳራሹን ይዘውታል። መሃል ላይ ማኬት ቆሟል። ፎቆቹ ከውስጥ መብራት በርቶባቸዋል፣ የመዋኛ ገንዳው ሰማያዊ ነው፣ ዘንባባዎቹ የስቴኪኒ እንጨት ያህላሉ። ሱፍ የለበሰ ወጣት ጥርት ባለ አማርኛ ያስረዳል። «በወር አንድ ፐርሰንት ብቻ ነው የምትከፍሉት!»

አጠገቤ ነጠላ ያጣፉ እናት ነበሩ። ልጃቸው ዲሲ እንዳለች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። «ከዚያስ ልጄ?» አሉት።

«ከዚያማ ቁልፍ ይረከባሉ፣ እናቴ!»

ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ቤት ገባ።

በቅድሚያ የዱባይን ሐቅ ልስጥ። እ.ኤ.አ. እስከ 2002 ድረስ የውጭ ዜጋ እዚያ ቤት በስሙ መግዛት አይችልም ነበር። በዚያ ዓመት በሩ ተከፈተ። በ2006 ደግሞ ሕግ ቁጥር 7 ወጣና ነገሩ መሠረት ያዘ። ዛሬ ማንም የውጭ ዜጋ በተፈቀዱ ሰፈሮች ውስጥ ቤት ገዝቶ በስሙ ያስመዘግባል። ከፊል የሚባለው የአገሬው ስፖንሰር አያስፈልገውም። ኢቃማም፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ አይጠየቅም። ሁሉም ሰፈር ግን ክፍት አይደለም። ስንቱ ሐበሻ ወጥቶ የገባበት፣ የእንጀራ ቤት የሚበዛበት አሮጌው ደይራ ባብዛኛው ከዝርዝሩ ውጭ ነው።

ሌላም የሚያስቀና ነገር አላቸው። በ2007 የወጣው ሕግ ቁጥር 8 ገና ያልተሠራ ቤት የገዛ ሰው ገንዘብ ለዚያው ፕሮጀክት በተከፈተ የተለየ የባንክ ሂሳብ እንዲገባ ያስገድዳል። አልሚው ገንዘቡን የሚያወጣው ለግንባታው ነው። ሽያጩም በመሬት መምሪያው መዝገብ ይሰፍራል። በ2008ቱ ቀውስ የቤት ዋጋ በግማሽ ያህል ወርዶ ስንት ፕሮጀክት ጉድጓድ ሆኖ ቀርቶ ነበርና ቁጥጥሩን ያጠበቁት ተምረውበት ነው። እኛ አገር ሙሉ ከፍሎ ስምንት ዓመት የጠበቀ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ላም አለኝ በሰማይ ነው። ስለዚህ ሰው ዓይኑን ወደ ዱባይ ቢያነሳ አልፈርድበትም። በነገራችን ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 2017 ፓርላማችን የውጭ ዜጎች ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር ይዘው መጥተው ኢትዮጵያ ውስጥ ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል። ዶላሩን ከመቁጠራችን በፊት የገዢው ገንዘብ የት እንደሚቀመጥ ብናስብበት ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ «አንድ ፐርሰንቷ» እንምጣ። የምትሰላው ከገቢያችሁ ሳይሆን ከቤቱ ዋጋ ነው። ቤቱ አንድ ሚሊዮን ድርሃም ከሆነ በየወሩ አሥር ሺህ ድርሃም ነው። ያውም መነሻው ላይ ጠቀም ያለ ቅድሚያ ክፍያ አለ፣ ቁልፍ ሲረከቡም የሚጠብቅ ቀሪ አለ። መሃል ላይ ሥራ ቢጠፋ፣ ሰው ቢታመም፣ ክፍያው ቢቆምስ? ይሄን አዳራሹ ውስጥ ማንም አላነሳውም። ሕጉ ግን ያነሳዋል። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ከዚያ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ግንባታው ከ60 በመቶ ካለፈ አልሚው እስከ 40 በመቶ ሊያስቀር ይችላል። ተጀምሮ ከ60 በታች ከሆነ እስከ 25 በመቶ። ልብ በሉ፣ ይህም ፐርሰንት የሚሰላው ከከፈላችሁት ሳይሆን ከቤቱ ሙሉ ዋጋ ነው። ለአንድ ሚሊዮኑ ቤት ሦስት መቶ ሺህ ከፍሎ፣ ሕንፃው 65 በመቶ ደርሶ ያቆመ ሰው አንድ ድርሃም ሳይመለስለት ሊቀር ይችላል።

ያለቀ ቤት በባንክ ብድር ልግዛ የሚል፣ እዚያው ዱባይ ሠርቶ የሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ሂሳብ ይጠብቀዋል። ለውጭ ዜጋ የመጀመሪያ ቤት፣ ዋጋው ከአምስት ሚሊዮን ድርሃም ካልበለጠ፣ ባንክ የሚያበድረው ቢበዛ 80 በመቶ ነው። በአንድ ሚሊዮኑ ቤት ላይ 200 ሺህ ከኪስ ይወጣል። ለመሬት መምሪያው የስም ማዛወሪያ 4 በመቶ፣ 40 ሺህ። ለደላላ በተለምዶ 2 በመቶ፣ ከነቫቱ 21 ሺህ። የብድር ማስመዝገቢያውና የጽሕፈት ክፍያው ሲደመር ወደ 267 ሺህ ይጠጋል። ሶፋ ገና አልተገዛም።

ዓመታዊ የንብረት ግብር የለም ይላሉ። እውነት ነው፣ የለም። ሰርቪስ ቻርጅ ግን አለ። ዱባይ ሆቴል ቤት አሥራ አራት ዓመት የሠራ ጓደኛ አለኝ። ዕቁቡንም ትርፍ ሰዓቱንም አጠራቅሞ ከከተማው ወጣ ካለ ሰፈር ስቱዲዮ ገዛ። አንድ ቀን ወረቀቱን በስልኩ አንስቶ ላከልኝ። የሊፍት፣ የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የመዋኛ ገንዳ፣ በስኩዌር ፊት 15 ድርሃም። ቤቱ 480 ስኩዌር ፊት ነው። በዓመት 7,200 ድርሃም መጣበት። «ዋና አልችልም እኮ!» ብሎ ጻፈልኝ። ማቀዝቀዣው ደግሞ ለብቻው ነው የሚከፈለው። የሰርቪስ ቻርጅ ዕዳ ያለበት ቤት እስኪከፈል ድረስ አይሸጥም። በስድስተኛው ዓመት ስቱዲዮውን አከራይቶ እሱ ተመልሶ ደይራ አልጋ ቦታ ገባ። አንድ ክፍል ለስድስት። ሂሳቡ የሚመጣለት እንዲያ ሲሆን ብቻ ነበር።

ስለ ቪዛው ብዙ ይወራል። የአሥር ዓመቱን ጎልደን ቪዛ በንብረት ለማግኘት ቤቱ ቢያንስ ሁለት ሚሊዮን ድርሃም ማውጣት አለበት። ከዚያ በታች የገዛ ሰው በዚህ መንገድ አያገኘውም። ቤት ስለገዙ ደግሞ ዜጋ አይሆኑም። የውርስም ነገር አለ። ባለቤቱ ሲሞት ቤቱ ለማን እንደሚሄድ በኑዛዜ ካልተጻፈ ቤተሰብ በማያውቀው አገር ፍርድ ቤት ይንከራተታል። ሙስሊም ላልሆኑ የተለየ ሕግ ከ2023 ጀምሮ አለ። ቢሆንም ኑዛዜውን ጽፎ ማስመዝገብ ነው።

እኔን ግን ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ በብር እያገኘ የሚፈርመው ሰው ነው። ድርሃም ከዶላር ጋር ከተሰፋ ቆይቷል፣ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ብራችን ግን በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 መጨረሻ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከዚያ በፊት የፈረመ ሰው የወር ክፍያው በብር እጥፍ ሊሆንበት ነው። ውሉ ላይ አንዲት ፊደል አልተነካችም። ደግሞስ ገንዘቡ በየት ይሄዳል? ብሩን በባንክ መንዝሮ ውጭ አገር ቤት መግዛት እንዲህ በዋዛ አይፈቀድም። ወጣቱን ስጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱን እኛ እናመቻቻለን» አለኝ። ሐዋላ ማለቱ ነው። በጓሮ የሄደ ገንዘብ ሲጠፋ በየትኛው ደረሰኝ ይጠየቃል?

ዱባይ አትግዙ እያልኩ አይደለም። ገቢያቸው በዶላር ወይም በድርሃም የሆነ፣ ሁለት ዓመት የሚያቆይ ተቀማጭ ያላቸው ሰዎች ገዝተው ተጠቅመዋል። የሚያናድደኝ ሻጮቹ በእኛው ቋንቋ፣ በእኛው ለዛ ግማሹን ብቻ ማውራታቸው ነው። ያንን የ40 በመቶ አንቀጽ በአማርኛ አንድ ገጽ ላይ ጽፎ ከማኬቱ ጎን ማስቀመጥ ምን ይከብዳል?

ስወጣ እኚያን እናት ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ካርዱን ይዘዋል። ለልጃቸው ሊልኩላት ነው፣ ከፋይዋ እሷ ናት። ሁለት ሥራ እንደምትሠራ ነገሩኝ። ስልኬን አውጥቼ አንዷን ፐርሰንት በዶላር አሰላሁላቸው። ሁለት ሺህ ሰባት መቶ።

«በዓመት?» አሉኝ።

«በወር፣ እማማ።»

ካርዱን ገልብጠው አዩት፣ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።