ይድረስ ለክቡር ሌሰን ፕላን (የመምህር የትምህርት ዕቅድ)

ቀን፦ ጳጉሜን 7 (ምክንያቱን ወረድ ብለው ያገኙታል)
ጉዳዩ፦ ከትከሻዬ እንዲወርዱልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከተዋወቅን ሃያ ዓመት አለፈን። 1997 ዓ.ም. ነበር። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ፊዚክስ ኤዱኬሽን ደረሰኝ። ጎረቤቶቻችን ወሬውን የሰሙ ዕለት እናቴን «አይዞሽ» እያሉ አጽናኗት። ቡና ተፈላ፤ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ጊዜው ቴሶ የሚባለው ለውጥ የመጣበት ነው፤ አራት ዓመት የነበረው የመምህርነት ዲግሪ ሦስት ሆነ። ከፊዚክሱ የተቀነሰውን ፍለጋ ስገባ እርስዎን አገኘሁ።

የመጀመሪያውን ዕቅዴን «ተማሪዎች የኦምን ሕግ ያውቃሉ» ብዬ ጀመርኩ። መምህሬ «ያውቃሉ» የምትለዋን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዛት። «ማወቅ አይታይም፤ አይለካም። ይዘረዝራሉ፣ ይገልጻሉ፣ ያሰላሉ በል።» «ይረዳሉ» ብዬ ብሞክር እሷንም ቀይ በላት። ማወቅና መረዳት እንዲህ ተሰርዘው መምህር መሆን ጀመርኩ።

ቀጥሎ ማይክሮ ቲቺንግ መጣ፤ እርስ በርስ እየተማማርን ማስተማርን የምንለማመድበት። ጢም ያበቀሉ የክፍል ጓደኞቼ እንደ 9ኛ ክፍል ልጆች ተደርድረው «ቲቸር! ቲቸር!» ይሉኛል። ማንም አይረብሽም፣ ሁሉም መጽሐፍ አለው፣ መልሱንም ከእኔ በፊት ያውቃል። በሕይወቴ እርስዎ ከደቂቃ እስከ ደቂቃ በትክክል የሠሩት እዚያ ክፍል ብቻ ነው። የሚማር ሰው አልነበረበትማ!

ከዚያ ለልምምድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተላክን። 78 ተማሪ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት፣ አንዳንዱ ላይ አራት። እርስዎ «የቡድን ውይይት፦ 10 ደቂቃ» ይላሉ። ዴስክ ማዞሩ 8 ደቂቃ ወሰደ፤ የቀረችው 2 ደቂቃ «ዝም በሉ» ስል አለቀች። «በቀላሉ ከአካባቢ የሚገኝ መርጃ መሣሪያ» ስላሉም ከደሞዝተኛ ወንድሜ ለምኜ የባትሪ ድንጋይና አምፖል ገዛሁ። በቀላሉ የተገኘው ወንድሜ ብቻ ነበር።

ፕላዝማውንስ ያስታውሱታል? ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ለእኔ ከፊት 5፣ ከኋላ 5 ደቂቃ ይተርፈኛል። ታዲያ «የመምህሩ ተግባር» በሚለው አምድዎ ምን ልሙላ? «ቴሌቪዥኑን ይከፍታል፤ ከተማሪዎቹ ጋር ያዳምጣል» ብዬ ጻፍኩ። ሊገመግመኝ የመጣው መምህሬ ረጅም ጊዜ አየውና «ያዳምጣል የሚለው ይለካል?» አለኝ።

አንድ ቀን ፕላዝማው ላይ ሰውዬው ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት እያስረዳ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ልክ ሊጫን ሲል መብራት ጠፋ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ፣ ሁልጊዜ የሚተኛው ልጅ፣ «ቲቸር፣ አሁን ዑደቱ የተቆረጠው እኛ ጋ ነው እነሱ ጋ?» ብሎ ጠየቀ። ድንጋዮቼንና አምፖሌን ከቦርሳ አወጣሁ። ጠመኔ ይዘን ከመንደሩ ትራንስፎርመር እስከ ክፍላችን ሶኬት ድረስ ሰሌዳው ላይ ሣልን፤ ተከራከርን፤ ደወሉ ሲደወል የወጣ የለም። ከሦስት ዓመቱ ዲግሪ ልቤ ውስጥ የቀረው ያ ክፍለ ጊዜ ነው። እርስዎ ላይ ግን «በመብራት መቋረጥ ምክንያት ያልተከናወነ» ተብሎ ተመዘገበ።

በ1999 ተመረቅኩ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ስንቴ ተገለበጠ! በ2003 አካባቢ «መጀመሪያ ትምህርቱን በዲግሪ ጨርስ፣ ማስተማሩን በኋላ አንድ ዓመት እናሳይሃለን» የሚለው ፒጂዲቲ መጣ። ቆይቶ ደግሞ የለም፣ ሁለቱ አብረው ይሰጡ ተባለ። የዓመቱ ቁጥር፣ የኮርሱ ስም፣ የዩኒቨርሲቲው ታፔላ ሳይቀር ተለወጠ። የእርስዎ ሰንጠረዥ ግን መስመሩም አልተነካ፤ ዕድሜ ይስጥዎ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፉት ዓመታት የጻፍኩዎት አዲስ የለም፤ የድሮውን እያወጣሁ ቀኑን በፍሉድ እያጠፋሁ እለውጣለሁ። አንድ ሳምንት እንቅልፍ እየጣለኝ «ጳጉሜን 7» ብዬ ጻፍኩ። ጳጉሜን ቢበዛ ስድስት ናት፤ እሷም የክረምት ዕረፍት ላይ ነች። ዕቅዱ ሰኞ ጠዋት ተፈርሞበት ተመለሰ፦ «ታይቷል።» ማህተሙም ድምቅ ብሏል።

ቂመኛ አይበሉኝ። ዝግጅት አልጠላም። ነገ የማስተምረውን ማታ ጋደም ብዬ አስባለሁ፤ ያ ከኋላ የሚተኛው ዓይነት ልጅ ምን ብለው ይነቃል እያልኩ። ያንን የምጽፍበት አምድ ግን የለዎትም። በጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገለጽ ከተፈታኙ ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ነው ተባለ። መምህራን ማረፊያ ተቀምጠን ዝም ተባባልን። ከጀርባችን መደርደሪያው ላይ የዓመቱ ዕቅዶቻችን አንድም ሳይጎድሉ፣ ሁሉም ታይተው፣ «ዓላማው ተሳክቷል» ተብሎባቸው ተጠርዘው ነበር።

ብዙ ባወራ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ነገ ሰኞ ነው፤ እርስዎን ሳልይዝ ክፍል አልገባም። ፍሉዱም ደርቋል፤ ሱቁ ሳይዘጋ ልሩጥ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የፊዚክስ መምህር

ግልባጭ፦
ለፕላዝማው፣ ካለበት መጋዘን
ለወንድሜ (የባትሪ ድንጋዩን ዕዳ አልረሳሁም)