ካርዱ ላይ 20 ይላል

ባለፈው ሳምንት አንድ የሆስፒታል ስብሰባ ላይ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ለፅኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ይጨመር የሚል ሐሳብ ቀረበ። አንድ ኃላፊ ተነሡና «መልቲ ኦርጋን ፌይለር ውስጥ የገባ ሰው አይተርፍም፤ ገንዘቡን ለሚድን እናውለው» አሉ፤ ብዙ የውስጥ አካላቱ አብረው ሥራ ያቆሙበትን ሰው ማለታቸው ነው። ሐሳቡ እዚያው ወደቀ።

አይተርፍም? ሳንባ፣ የደም ዝውውር፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ አንጎል፣ የደም መርጋት። ሐኪሞች እነዚህን ስድስቱን በየቀኑ ነጥብ እየሰጡ የሚከታተሉት ነጥቡ ስለሚሻሻልም ነው እኮ! በኢንፌክሽን ሥራ ያቆመ ኩላሊት፣ ሰውየው ከተረፈ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይሠራል። እስኪመለስ ድረስ ግን እጥበት ማግኘት አለበት።

ይበልጥ ያናደደኝ ሌላ ነው። ሰው እዚህ ደረጃ ላይ ድንገት አይደርስም። ዋርድ ውስጥ፣ ዐይናችን እያየ ነው የሚደክመው። ነርስ ነኝ፤ ያየሁትን ልናገር። ካርዶቹን ግለጡ። አተነፋፈስ በደቂቃ፦ ጠዋት 20፣ ማታ 20፣ ጎረቤት አልጋም 20። ማንም አልቆጠረም። አንዲት አራስ ነበረች፤ በወለደች በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። ካርዷ 20 ይላል። አጠገቧ ቆሜ ደረቷን እያየሁ ስቆጥር 34 ሆነ። የሽንት ከረጢቷ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመው አንድ ሲኒ አይሞላም፤ መልኩ የጠቆረ ሻይ ነው። እህቷ «ዛሬ በእናታችን ስም ጠራችኝ» አለችኝ። ሳንባ፣ ኩላሊት፣ አንጎል። ይህን ለማወቅ የእጅ ሰዓትና አንድ ደቂቃ ይበቃል።

በኢንፌክሽን ሾክ ውስጥ ለገባ፣ ማለትም የደም ግፊቱ በጣም ለወረደ ታካሚ አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀመር ይላል መመሪያው። እኛ ጋ መድኃኒቱ አልነበረም። ወንድሟ ወረቀቱን ይዞ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞር መሸ። የፅኑ ሕሙማን ክፍል አልጋም አልተገኘም። ሌሊት ሞተች። የሞቷ ምክንያት «መልቲ ኦርጋን ፌይለር» ተብሎ ተጻፈ። አይደለም! የገደላት ማሕፀኗ ውስጥ የነበረው ኢንፌክሽንና የእኛ መዘግየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ በዓለም ላይ 11 ሚሊዮን ሰው ከሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው የተዛባ ምላሽ የራሱን አካላት ሲጎዳ) ጋር በተያያዘ እንደሞተ ተገምቷል፤ አብዛኛው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። እነዚህን ሁሉ «የማይድኑ» ልንላቸው ነው?

ሁሉም ይተርፋል አልልም። ለቤተሰብ እውነቱ የሚነገርበት ጊዜ አለ። ያንን ግን ታካሚውን በእጁ የመረመረ ሐኪም ይወስን እንጂ በጀት የያዘ ሰው ከስብሰባ አዳራሽ አይፍረድ።

አልጋው ይገዛ። አንቲባዮቲኩም ሆስፒታሉ ውስጥ ይኑር። ኃላፊው ደግሞ ነገ ጠዋት ዋርድ ይውረዱና ስንት ካርድ ላይ 20 እንደተጻፈ ይቁጠሩ።